ለእናቴ፣ ስለ ድዴ ንቅሳት

ከቅርያት መላኪ እስከ ጎንደር ባለው መንገድ ርዝመት ልክ ሰላምታዬ ይድረስሽ፣ እምዬ። እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረ? ያ የክረምቱ ሳል ተወሽ ወይስ አሁንም ሌሊት ሌሊት ያስነሳሻል? ለዓይንሽ የተሰጠሽን ጠብታ ጨረስሽው ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት አካፈልሽው? አከራይሽ ዘንድሮም ጣራውን ሳያስጠግኑ ክረምቱን አሳለፉት? ወደ እስራኤል ለመምጣት ከተመዘገባችሁበት ቢሮስ የተባለ ነገር አለ ወይስ እንደ አምናው «ጠብቁ» ብቻ ነው? እኛ እዚህ የእስራኤል አምላክ ይመስገን፣ በሕይወት አለን። ባለቤቴ አንዳርጌ ወገቡን ይለዋል እንጂ ደህና ነው። ወንዱ ልጄ ዶርም ከጦር ግዳጁ በሰላም ተመልሶ ሥራውን ይዟል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ጎረቤታችን ሐብቴ ነው፤ ወላጆቹን ሊጠይቅ ይመጣል። የወንድሜ ልጅ የምሥራች ታነብልሻለች ብዬ አስባለሁ። የምሥራች፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ስታነቢላት ቤቱ ውስጥ ጎረቤት አይኑር። ደግሞም አያቴ ታዝናለች ብለሽ ዘለሽ የምታልፊያት መስመር አትኑር። እንዳለ አንብቢላት።

እምዬ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። የልጄን የሬዑትን የሠርግ ፎቶ በስልክ ካሳዩሽ በኋላ «ልጄ እታፈራሁ ምን ሆና ነው ለቅሶ ቤት የተቀመጠች የምትመስለው? ሙሽራው አልጣማትም ወይስ ጥርሷን አወለቁባት?» ብለሻል አሉ። ዓይኗ ደክሟል ይሉሻል እንጂ አንቺ ከዚያ ሆነሽ ያየሽውን እዚህ ያሉት አላዩትም። ሙሽራው ኤታን የተባረከ ልጅ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ሰው ያከብራል፣ ሬዑትንም ይወዳታል። በእሱ የማኮርፍበት ምክንያት የለኝም። ስለ ጥርሴ ላልሽው ግን መልሱ ረጅም ነው። በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ ስለ አየሩ አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ ልጻፈው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት በቤኤር ቱቪያ በምሠራበት መጋዘን የዕቃ መጎተቻ ጋሪ እጀታ ተስፈንጥሮ አፌን መታኝ። የላይኛው የፊት ጥርሴ፣ የቀኙ፣ ተሰበረና ሥሩን ነቀሉት። ትጨነቂያለሽ ብዬ አልነገርኩሽም። የምትወጃት ፍንጭቴ ያን ቀን በር ሆነች። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ስስቅ እጄን አፌ ላይ መጫን ሥራዬ ሆነ። እውነቱን ልናገርና፣ እጄ አፌ ላይ መዋል የጀመረው ከዚያም አስቀድሞ ነው፤ እሱን ወደ ታች እነግርሻለሁ።

ሬዑት ከኤታን ጋር መጋባታቸው ሲቆረጥ አንድ ቀን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ እንደሆነች ታውቂያለሽ፤ ከደሞዟ እየቆጠበች ኖሯል። «ኢማ፣ ለሠርጌ አፍሽን ከፍተሽ እንድትስቂ እፈልጋለሁ» አለችኝ። ኢማ የሚሉት እዚህ እናትን ነው። ያቭነ ከተማ ያለ አንድ የጥርስ ሐኪም አጠያይቃ ቀጠሮም ይዛልኝ ነበር። እኔ እናቷ ሆኜ ያላደረግሁላትን እሷ ለእኔ ልታደርግ ነው ብዬ ማታውን አለቀስኩ። አንዳርጌ ምን ሆንሽ ቢለኝ ሽንኩርት ነው አልኩት፤ በእጄ ግን ሽንኩርት አልነበረም።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ሰውም ይመስላል። በእሱ ላይ የምለው ክፉ ነገር የለኝም፤ ቢኖረኝ እንዴት በቀለለኝ። አስቀምጦ ያስረዳኛል። የጎደለው ጥርስ ብቻውን ስለማይቆም ከወዲያና ከወዲህ ያሉት ሁለት ጤነኛ ጥርሶች ተሞርደው ምሰሶ ይሆኑለታል። በምሰሶዎቹ ላይ ሽፋን ይገባል፣ ሦስቱም ተያይዘው ይጣበቃሉ። ድልድይ ይሉታል። ሽፋኑን ደግሞ ዘውድ ይሉታል፤ የቀን ሠራተኛ ዘውድ የምትደፋው በአፏ ውስጥ ብቻ መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ የተረዳሁት ግን ኋላ ነው። ያኔ እሱ በዕብራይስጥ ሲናገር፣ ሬዑት ስታክልበት፣ እኔ የምለው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ቤሰደር።

ቤሰደር እሺ፣ ይሁን ማለት ነው። በዚህች ቃል ሃያ ስድስት ዓመት ኖርኩባት። ለአለቃዬ ቤሰደር፣ ለባንኩ ጸሐፊ ቤሰደር፣ ደብዳቤ ፈርሚ ለሚለኝ ሁሉ ቤሰደር። የተማረ ሰው ሲናገር ማቋረጥ ነውር ነው ብለሽ ነው ያሳደግሽኝ፤ እኔም ነውር አልሠራሁም። ሐኪሙ እየተናገረ በጣቱ ድዴን ሲያሳይ ቤሰደር አልኩት። ወረቀት ሰጠኝ፣ ፈረምኩ። ልጄ እጄን ይዛ ትስቅ ነበር፤ እኔም የምትስቀው ደስ ብሏት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ሁለተኛው ቀጠሮ ከፋሲካ በፊት ነበር። አፌን በመርፌ አደነዘዙት። ከዚያ ሐኪሙ ጫፉ የሚያበራ ቀጭን ነገር ይዞ ድዴ ላይ ቀስ እያለ ሄደ። አያምም፤ ግን ጠጉር በእሳት ሲነካ የሚሸተው ሽታ ሸተተኝ። ለድልድዩ መሠረት እየጠረገ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ቤት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ መሬቱን አይደለም የሚያስተካክል? አንድ ሳምንት ወተትና እርጎ ብቻ ጠጣሁ። ድዴ ነጭ ሆነ፣ ቀጥሎ ቀይ ሆነ። ሲሽር ወደ ቀለሙ ይመለሳል እያልኩ ጠበቅሁ።

ከወር በላይ ቆይተን ተመለስን፤ ጥርሶቼን ያን ጊዜ ሞረዷቸው። እምዬ፣ ካንቺ ማኅፀን ይዤ የወጣሁት አጥንት ዱቄት ሆኖ ሲበን አየሁት። ቀጥሎ ሊጥ የመሰለ ቀዝቃዛ ነገር አፌን ሞልተው ቅርጹን ወሰዱ። ጥርሱ የሚሠራው እዚያ አይደለም። በቅርጹ ላይ ጄሶ ያፈሱና ያን የጄሶ አፍ ወደ ሠራተኛው ይልኩታል። ሠራተኛው እኔን አያውቀኝም፣ ስስቅም አላየኝም። ቀለም ምረጪ ብለው የጥርስ ናሙና ከአፌ አጠገብ ሲደረድሩ ነጩን መረጥኩ፤ ሐኪሙ ይህ ለሃያ ዓመት ልጅ ነው አለና ብጫ ብጫ የሚለውን ያዘልኝ። ቤሰደር አልኩ።

ድልድዩ የገባ ዕለት መስታወት ሰጡኝ። ሦስት ጥርስ እንደ ወታደር ተሰልፏል። ፍንጭቴ የለችም። ሬዑትን በአማርኛ ፍንጭቴስ ብላት ለሐኪሙ ነገረችው፤ እሱም ኮራ ብሎ ዘጋሁልሽ አለ፣ ቀድሞ ጠይቆኝ ቤሰደር ብዬው ኖሯል። ጥርስ ባዳ ነው ይሉ የለም? የእኔው በሐኪም እጅ የተረጋገጠ ባዳ ሆነ። ግን እሱን እንኳ ቻልኩት። ይልቅ ከጥርሱ በላይ ያለውን አየሁ፤ ድዴ እንደ ሕፃን ድድ ቀልቷል። በመኪና ስንመለስ ሬዑትን ቀለሙ መቼ ነው የሚመለሰው አልኳት። ልጄ ትከሻዬን አቅፋ «አይመለስም፣ ኢማ። ጨርሶ ድነሻል» አለችኝ።

እምዬ፣ አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ።

የነቀስሽኝን ቀን አንቺ ትረሺው ይሆናል፤ ስንቱን የሰፈር ልጅ ነቅሰሻል። እኔ አልረሳሁትም። ጭልጋ ሳለን ነው፣ ልዳር ዓመት ሲቀረኝ። ሰባት መርፌ በክር አስረሽ፣ የኩራዝ ጥላሸት ለውሰሽ፣ ራሴን በጭንሽ መካከል ይዘሽ ወጋሽኝ። ስጮኽ እኅቶቼን እግሯን ያዙ አልሻቸው። ደም በተፋሁ ቁጥር በጨው ውኃ አጉመጠመጥሽኝ። ሦስት ቀን በተልባ ብቻ አደርኩ። ሲሽርልኝ ድዴ ጠቆረ፣ ጥርሴ ሐጫ በረዶ መሰለ፣ ውኃ ስወርድ የሰው ዓይን ይከተለኝ ጀመር። «የምሰጥሽ ወርቅ የለኝም፤ ይኸን ግን ባል ቢፈታሽ አይነጥቅሽም፣ ሌባም አይሰርቅሽም» ብለሽኝ ነበር። እውነትሽን ነው፤ ሌባ አልሰረቀውም።

እዚህ እንደገባን፣ በመጤዎች መቀበያው ሳለን፣ ከእኛ ቀድማ የመጣች አንዲት የአገራችን ሴት በግንባራቸው መስቀል የተነቀሱትን ሻሽ አውርደው እንዲያስሩ ትመክራቸው ነበር። እኔንም «አንቺም አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ፤ ንቅሳት ያየ ሁሉ የክርስቲያን ነው ነው የሚለው» አለችኝ። ድድ ላይ መስቀል እንደሌለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ፈራሁ። ያኔ አይሁድ መሆናችንን የሚያጸናው ወረቀታችን አላለቀም ነበር፤ ላንቺና ለወንድሜም ወረቀት እያስገባሁ ነበርና በእኔ አፍ ምክንያት የእናንተ መንገድ የሚዘጋ መሰለኝ። መንገዱስ እንዲያውም ተዘጋ፤ እኔ ግን አፌን መሸፈን ለምጄ ቀረሁ።

ሬዑት ሰባት ዓመት ሲሆናት ትምህርት ቤት የእናታችሁን ፊት ሳሉ ተባሉ። ልጄ እንዳየችኝ ሳለችኝ፤ ጥቁር ድድ፣ ነጭ ጥርስ። ልጆቹ ሳቁባት። ስታለቅስ መጣችና ኢማ፣ አፍሽ ለምን ጥቁር ነው አለችኝ። ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ እናቴ አስጊጣኝ ነው ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ነገ ሄዳ ለልጆቹ ንቅሳት ነው ብትልስ፣ ከልጅ ወደ አስተማሪ ቢሄድስ ብዬ ፈራሁና በሽታ ነው አልኳት። የዚያ አገር ውኃ ያመጣብን በሽታ ነው፣ አያምም፣ አይጋባም አልኳት። የጎረቤት ሴቶችም እንዲሁ ናቸው ብትለኝ እነሱም የጠጡት ያንኑ ውኃ ነው አልኳት። ይድናል ወይ አለች። አንድ ቀን ጥሩ ሐኪም ያድነው ይሆናል አልኩና እንባዋን ጠርጌ ላክኋት። አንዳርጌ አጠገባችን ነበር፤ ሰምቶ ዝም አለ።

ልጅ የነገሩትን አይጥልም፣ እምዬ። ሌላውን ሁሉ ምክሬን የረሳች ልጅ ይህችን ብቻ አሥራ ስምንት ዓመት ይዛ አሳደገቻት። ጥሩ ሐኪም ፈለገች፣ ገንዘብ አጠራቀመች፣ ለሐኪሙም እናቴ ከኢትዮጵያ ይዛው የመጣችው የድድ በሽታ አለባት ብላ ነገረችው። የሳቀችው ለዚያ ነው። እኔም ያን ቀን በመኪና ውስጥ እውነቱን መናገር ስችል አመሰግናለሁ ልጄ አልኳት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እንዲህ ያለችውን ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው እሞት ነበር። ከሻቩዖት፣ ከመከሩ በዓል ማግስት ለቤተሰብ ትውውቅ ወደ ገዴራ፣ ወደ ኤታን ወላጆች ቤት ሄድን። የኤታን እናት ጠጅቱ ትባላለች፤ አገሯ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ሳቋ ከደጅ ይሰማል። እሷ አፏን ሸፍና አታውቅም፤ ድዷ እንደ አዲስ ንቅሳት ይጠቁራል። ሳመችኝና አፌን አየችኝ፣ ደግማ አየችኝ። ምሳ በላን፣ ስለ አዳራሹና ስለ እንግዳው ተነጋገርን። ሁሉም ሰላም ነበር።

ሳህን ሲነሳ ሬዑት ከጠጅቱ ጎን ተቀምጣ እጇን ያዘች። እዚህ የተወለደ ልጅ አንቱታ አያውቅም፤ በፍቅር ግን አትታማም። «ኢማም እንዳንቺው ነበረች» አለቻት። «ያቭነ ያለ ሐኪም አዳናት። ከሠርጉ በፊት አንቺንም እወስድሻለሁ፣ ቤሰደር?» ጠጅቱ እየሳቀች ከምን ነው ያዳናት አለች። ሬዑት ከድዱ በሽታ ብላ መለሰች። ሳቁ ቆመ። በሽታ ነው ያለሽ ማነው ስትላት ልጄ ምንም ሳትጠረጥር ኢማ ናት አለች።

ጠጅቱ አልጮኸችም። ወደ እኔ ዞራ «እታፈራሁ፣ እኔን እናቴ ናት የነቀሰችኝ» አለች። «ያንቺስ እናት በሽታ ነው የሰጠችሽ?»

ሰው ሁሉ አየኝ። አንዳርጌ ምንጣፉን ያያል። ያን ጊዜ አይደለም፣ እናቴ ናት ያስጌጠችኝ፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት ብል አንድ አፍታ አፍሬ ባለቀልኝ ነበር። ዝም አልኩ። ዝም ማለት ደግሞ አዎ ማለት ነው። እምዬ፣ በሰው ቤት፣ በአማቾቼ ፊት፣ አንቺን በሽታ ሰጪ አድርጌ አስቀመጥኩሽ። በደንብ እንድትሰሚው ነው የምጽፈው። ጠጅቱ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች፤ እስክንወጣ አልተመለሰችም።

ስንመለስ ሬዑት መኪናውን ከነዳጅ ማደያ አጠገብ አቆመች። «እውነቱን ንገሪኝ። አያቴ ናት የሠራችው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። መርፌውን፣ ጥላሸቱን፣ ጨው ውኃውን ሁሉ ነገርኳት። መቀበያው ቤት የተባልኩትን፣ ሥዕሏን ይዛ የመጣች ቀን የፈራሁትንም ነገርኳት። እንደ ልጅነቷ ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። በሐኪሙ ዘንድ ለምን ዝም አልሽ አለች። ምን እንደሚያደርግ አላወቅሁም አልኳት። ቤሰደር አልሽ እኮ፣ ሦስት ጊዜ ጠየቀሽ፣ ሦስቱንም ጊዜ ቤሰደር አልሽ አለች። ከዚያ መሪውን እንደያዘች «ስጦታ መስሎኝ ነበር» አለችና መኪናውን አስነሳች። ስለዚህ ነገር እስከ ሠርጉ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ልብሷን ስትለካ ጠራችኝ፣ እንግዳ ስንቆጥር ጠራችኝ፣ በሌላው ሁሉ መልካም ልጅ ናት። እኔ ግን የምታናግረኝ እንደ ጎረቤት ሴት መሆኑን አውቅ ነበር።

ሠርጉ ከዳስ በዓል በኋላ በጋን ያቭነ አዳራሽ ሆነ። ያማረ ሠርግ ነበር፤ ካህናቱ መረቁ፣ እስክስታው እስኪበቃን ተመታ፣ ዶር እኅቱን በትከሻው ተሸክሞ ዞረ። ፎቶ አንሺው የሙሽራዋ እናት ሳቂ እንጂ፣ ሳቂ እንጂ እያለ ሲለምነኝ አመሸ። ልስቅ ከንፈሬን ስከፍት በወዲያ በኩል ጠጅቱን አይቼ መልሼ እገጥማለሁ፤ እሷም ከንፈሯን ገጥማለች። እኔ ባዶ ድዴን ላለማሳየት፣ እሷ ሙሉውን በሽታ እንዳይሏት። ያየሽው ፎቶ ይኸ ነው። ለቅሶ ቤት ይመስላል ያልሽው ውሸት የለውም።

ሠርጉ ካለፈ ወዲያ በልጄ ትዳር ላይ ቂም ተክዬ መቀመጥ አልቻልኩም። ባለፈው ወር ብቻዬን ወደ ገዴራ ሄድኩ። በአገራችን ቢሆን ድንጋይ በአንገቴ ተሸክሜ ደጇ ላይ እወድቅ ነበር። እዚህ ድንጋይ ይዤ አውቶቡስ ብገባ ግን ፖሊስ ይጠሩብኛል፤ ባዶ እጄን ሄድኩ። ጠጅቱ በር ከፍታ አስገባችኝ፣ ውኃም ሰጠችኝ። ሁሉን ከመጀመሪያው ነገርኳት። ፈርቼ እንደዋሸሁ፣ ውሸቴም ከልጄ ጋር እንዳደገ አልሸሸግኋትም። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘችኝ። «እኔን ምን አደረግሽኝ?» አለች። «የእኔው አፌ ውስጥ አለ። ሂጂና የነቀሰችሽን እናትሽን ይቅር በይኝ በያት።» ተቆጥታ አይደለም የተናገረችው። ከሬዑት ጋር ያላት ነገር ከዚያ ቀን ወዲህ ተለዝቧል። ከእኔ ጋር ግን ገና ነን፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል እንጂ የጠቆረ ፊት በአንድ ቀን አይጠራም።

ስለዚህ ይቅር በይኝ፣ እምዬ። አውቅሻለሁ፤ ምንም አይደል፣ የድድ ነገር ነው፣ አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልኝ ልትይ ነው። እንደዚያ እንዳትይኝ እለምንሻለሁ። የተቀየምሽ እንደሆነ ተቀየምኩ በይ፤ መርገምም ካለሽ ላኪልኝ። ምንም አይደል የሚባልበትን አገር እኔ ለምጄዋለሁ፣ ቤሰደር ማለት እሱው ነው። ካንቺ የምፈልገው ቁጣሽን ነው። ለሬዑትም እኔ ያልነገርኳትን አንቺ ንገሪያት፤ የምሥራች በስልክ ታገናኛችሁ። መርፌው ስንት እንደነበረ፣ ለምን እንደምትነቅሺ፣ ማንን ማንን እንደነቀስሽ ትጠይቅሻለች። አማርኛዋ ይሰባበራል፤ ታገሻት። እዚህ ስለ ድድ ንቅሳት የሚጠይቀኝ ሰው ቢመጣ ደግሞ እኔው እመልሳለሁ፤ ወረቀታችሁ ቢዘገይም ባይዘገይም።

ወንድሜን ያለውን ሰላም በይልኝ። ከከብት ሻጩ ጋር የጀመረውን ክርክር ይተወው በይው። ሚስቱ ዘሩ በሰላም መገላገሏን ስለሰማሁ እንኳን ማርያም ማረችሽ ልላት ነበር፤ ዘንድሮ አንደበቴን እየጠበቅሁ ነውና እንኳን የእስራኤል አምላክ ማረሽ በያት። ሕፃኑን በእኔ ፈንታ ሳሚልኝ። አከራይሽንም፣ ስለ ጣራው ቅር ብሎኝ ቢሆንም፣ ሰላም ብላለች በያቸው። የምሥራች፣ ጉሮሮሽ ደርቆ ከሆነ ውኃ ጠጪ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጥቂት ነው የቀረሽ። አንዳርጌ ጉልበትሽን ይስማል፤ ዝም ማለቱን እሱም አውቆታል። ዶር ሰላም ይልሻል። ኤታንና ሬዑት ሰላም ይሉሻል።

እምዬ፣ በፖስታው ውስጥ ሁለት ፎቶ አለ። ትልቁ የሠርጉ ነው፤ የስልኩ መስታወት ያሳንሰዋልና ሬዑት አሳድጋ አሳትማዋለች። ትንሹን ደግሞ ልንገርሽ። ከሠርጉ በኋላ አንድ ቀን ሬዑት መጥታ ምን ይመስል ነበር አለችኝ። ልጄ ሃያ አምስት ዓመት ስታየው ኖራ በሽታ ነው ብላ በቅጡ አላየችውም። የቤቱን ፎቶ ሁሉ አወረድን። የልደት፣ የበዓል፣ የዶር ወታደርነት፤ በአንዱ አፌ ተዘግቷል፣ በሌላው እጄ አፌ ላይ ነው። የእጅሽ ሥራ የሚታይበት አንድ ፎቶ አጣን። ከዚያ ሬዑት የጥርስ ሐኪሞች ሥራ ሳይጀምሩ ፎቶ እንደሚያነሱ ትዝ አላት። ያቭነ ሄዳ ከመዝገባቸው አስወጣችልኝ።

ትንሹ እሱ ነው። ፊቴ የለበትም፣ አፌ ብቻ ነው። ከንፈሬን በፕላስቲክ መንጠቆ ወዲያና ወዲህ ወጥረው፣ በገበያ የበሬ ዕድሜ እንደሚታይ አድርገው ነው ያነሱት። አስቀያሚነቱን ለማሳየት ነው ያነሱት። አንቺ ግን ወደ ደጅ ወጥተሽ፣ ብርሃን ላይ አድርገሽ እይው። ጥላሸቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው፤ አንዲት መርፌ አልሳትሽም። ፍንጭቴ አለች፣ የጠፋው ጥርሴ ቦታም አለ። ከዚህ ሌላ ፎቶ የለም፣ ሌላም አይኖርም። ከላዩ በዕብራይስጥ የተጻፈችውን ቃል የምሥራች ማንበብ አትችልምና ልተርጉምልሽ፤ «በፊት» ትላለች።

ልጅሽ እታፈራሁ

ቅርያት መላኪ፣ ከሰግድ በዓል ማግስት፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.